ያልዘረጋሁት እግር

ይህ የደረሰብኝ ከስድስት ዓመት በፊት በሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ ሳስተምር ነው። ነገሩ ከተጀመረ እስኪያልቅ አምስት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ዛሬም ድረስ አልወጣልኝም። ለሰው ባወራው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ የማያኮራ ነገር ልናገር። እግሬ ይሸት ነበር። ይሸት ነበር ስል ትንሽ ጠረን እንዳይመስላችሁ። ኮሌጅ ሳለሁ የዶርም ጓደኞቼ ጫማዬን በገመድ አስረው በመስኮት ወደ ውጭ ያንጠለጥሉት ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና "ሹፌር፣ እዚህ የሞተ ነገር ሳይኖር አይቀርም" ብትል መኪናው ቆመ። ረዳቱ ከመቀመጫ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ እኔም አብሬው ፈለግሁ።

እግሬ ላብ አያቋርጠውም። ጠዋት ያደረግሁት ካልሲ ለምሳ ሰዓት ሊጨመቅ ይደርሳል። ሎሚ አሸሁበት፤ ጨው ባለበት ውኃ ዘፈዘፍኩት፤ ሽቶ ረጨሁበት። ሽቶው ሲጨመር ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ ያገኘሁት መላ ሰው ፊት ጫማ አለማውለቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ጫማ አውልቆ ስለሆነ እኔ ቅጽሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆሜ አስቀድሼ እመለሳለሁ። ሰው "ትሑት መምህር ነው" ይለኝ ነበር። እኔ የምሸሸው የገዛ ካልሲዬን ነው።

ያኔ ቤት ያከራዩኝ አያ በላቸው የሚባሉ ገበሬ ናቸው። በአካባቢው የሚካኤል ማኅበር አለ፤ አባላቱ በየወሩ በየተራ ቤታቸው እየደገሱ ይጠጣሉ። አያ በላቸው የዚህ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪው ነበሩ። በዕለቱ ጠዋት "መምህር፣ የዛሬው ተራ የአንጓች ነው። እንግዳ ሁነህ አብረኸን ና" አሉኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ስለ እማማ አንጓች የማውቀው ብዙ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ሌላ አገር ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ዓመት ወደ ቤታቸው የተመለሱ ባልቴት መሆናቸውን ብቻ ሰምቻለሁ።

ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የፕላስቲክ ቦቲ አድርጌ፣ ጭቃውን እያቦካሁ ደረስኩ። ቄሱ ገና አልመጡም። አሥራ አንድ ሰዎች መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቤቱ አዲስ ተለቅልቋል፤ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ጠላው ተቀድቶ በየፊታቸው ቢቀመጥም ማንም አልነካውም። ጨዋታም የለም። የቄሱን ቡራኬ እየጠበቁ መሰለኝና እኔም መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሀል እማማ አንጓች ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዘው ከጓዳ ወጡ። ትከሻቸው ላይ ያልተነካ ነጭ ፎጣ ጣል አድርገዋል። በቀጥታ ወደ እኔ መጡና እግሬ ሥር ተንበረከኩ።

"በእንግዳ ልጀምር። መምህር፣ እግርዎን ይዘርጉልኝ፤ ልጠብዎት" አሉኝ።

ከንጋት ጀምሮ በዚያ ቦቲ ውስጥ ታፍኖ የቆየው እግሬ ታወሰኝ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ዝግ ነው፤ ምግብ ሊቀርብ ነው፤ አሥራ አንድ ሰው ያየኛል። ሁለቱንም እግሮቼን ወደ ኋላ ሰበሰብኳቸው።

"የለም፣ የለም እማማ፣ እኔ ይቅርብኝ!" አልኩ።

"ግድ የለም፣ ስለት አለብኝ" አሉና እጃቸውን ወደ ቦቲዬ ዘረጉ።

እኔ ብድግ አልኩ። "አይንኩኝ!" የሚል ቃል አፌን አምልጦኝ ወጣ። ብድግ ስል ሳፋውን ገጭቼው ውኃው ቄጤማው ላይ ተደፋ፤ ሁሉም ግን አልተደፋም፤ ግማሽ ያህሉ ቀርቷል።

እማማ የተረፈውን ውኃ ይዘው አጠገቤ ወደተቀመጡት ሰውዬ ዞሩ። ሰውዬው "እኔ ታጥቤ ነው የመጣሁ" አሉ። ቀጣዩም "እኔም" አለ። ከእሱ ቀጥላ የነበረችው ሴት ቀና ሳትል ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዙሩ አያ በላቸው ጋ ደረሰ። እሳቸውም ጉንፋን ይዞኛል አሉ። እማማ ሳፋውን አንሥተው ጓዳ ገቡ፤ ቄሱ ሲመጡ ተመልሰው አላወጡትም። ሰዉ እህሉን ቀማምሶ ቶሎ ተበተነ።

እኔ ምን ተሰማኝ? እፎይ አልኩ። እንዲያውም "ለካ በእግሩ የሚያፍረው እኔ ብቻ አይደለሁም" ብዬ ተጽናናሁ። ያችን እፎይታ ሳስባት ዛሬ ያመኛል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደብረ ማርቆስ እናቴ ዘንድ ገባሁ። የእግሬ ነገር ቢያንገበግበኝ ጊዜ አንድ ፋርማሲ ገብቼ፣ ሌላ ገዢ እስኪወጣ ጠብቄ፣ ችግሬን ለባለሙያዋ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። "ይኼኮ የሚድን ነገር ነው" አለችኝ። ጠዋትና ማታ በሳሙና ታጥቤ በጣቶቼ መሀል ሳይቀር እንዳደርቅ፣ የጥጥ ካልሲ በየቀኑ እንድቀይር፣ ሁለት ጫማ ይዤ አንዱን ሳደርግ ሌላውን ፀሐይ ላይ እንዳሰጣ፣ እርጥብ ጫማ ደግሜ እንዳላደርግ ነገረችኝ። የሚቀባ መድኃኒትም ሰጠችኝ። ክረምቱ ሳያልቅ ሽታው ጠፋ። መስከረም ላይ ስመለስ ያገኘሁት ሰው ቤት ሁሉ ጫማዬን እያወለቅሁ ዘው እል ነበር። እንደ እኔ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

ጥቅምት ላይ አያ በላቸውን "በእንግድነት ማኅበር ስመጣ እማማ አንጓችን አላያቸውም፤ ደኅና አይደሉም እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። "አንተ ነህ ይኼን የምትጠይቀኝ?" አሉ።

ነገሩን ያኔ ሰማሁ። እማማ ለዓመታት የታከሙት የሥጋ ደዌ ነበር። ጨርሰው ድነዋል፤ ጣቶቻቸው ግን እንደተቆለመሙ ቀርተዋል። "ድኜ ቤቴ ከገባሁ የማኅበርተኞቼን እግር አጥባለሁ" ብለው ተስለው ነበር። ማኅበርተኞቹ ከእሳቸው ቤት እህል ለመቅመስም ፈርተው ነበር። አያ በላቸው እኔን የጠሩኝ የሳይንስ መምህር ስለሆንኩ ነው፤ እኔ ስታጠብ ሲያዩ ፍርሃቱ ይለቃቸዋል ብለው።

"አንተ የተማርከው ሰው ስትሸሽ፣ አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው አልን። እኔም ፈራሁ፤ አልዋሽህም። ከዚያ ወዲህ ቤቷ የሚረግጥ ጠፋ፤ እሷም ከማኅበሩ ወጣች" አሉኝ።

ያን ቀን ጣቶቻቸውን አላየሁም። የሚያምነኝ ባይኖርም አላየሁም። ዓይኔ ከቦቲዬ አልተነሣም ነበር። የሥጋ ደዌ እንደሚድን፣ ታክሞ የዳነ ሰውም ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ በዚያው ዓመት ለሰባተኛ ክፍል አስተምሬአለሁ።

ወዲያው ሄድኩ። እማማ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ስንዴ ያበጥራሉ። ሲያዩኝ መጀመሪያ ያደረጉት ሰፌዱን አስቀምጠው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ መክተት ነው።

ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። "እማማ፣ እግሬ ስለሚሸት አፍሬ ነው እንጂ እጅዎን ተጸይፌ አይደለም" አልኳቸው። እንዲያምኑኝ ብዬ መሬት ቁጭ አልኩና ጫማዬንም ካልሲዬንም አወለቅሁ።

ምንም አልሸተተም። በዕድሜዬ እግሬ እንዲሸት የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እማማ ጎንበስ ብለው አዩትና ፈገግ አሉ። "ይኼ ንጹሕ እግር ምን ይወጣለታል? ለእኔ ብለው የገዛ እግርዎን ያማሉ። ደግ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ።"

"እማማ፣ እውነቴን ነው! ያኔ ይሸት ነበር፤ መድኃኒት አድርጌ ነው የተወኝ" ብዬ በሚካኤል ማልኩ።

"ይሁን፣ ይሁን" አሉኝ፤ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

"እንግዲያው አሁን ይጠቡልኝ" ብዬ ለመንኳቸው።

"ኧረ እኔስ ተውሁት። የነፍስ አባቴ ስለቱን በሌላ ለውጠውልኛል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ እጠርጋለሁ። መጥረጊያ እንደሁ አይጸየፈኝም" አሉኝ። በምሬት አልነበረም የተናገሩት። ቢመራቸው በተሻለኝ።

በኋላ ማኅበርተኞቹ ፊት ቆሜ ስለ እግሬ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አመነ። አያ በላቸው ሄደው እማማ እግር ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቋቸው፤ ጥቂት ሰዎችም ቤታቸው መግባት ጀመሩ። እማማ ግን ወደ ማኅበሩ አልተመለሱም።

አሁን የማስተምረው ደብረ ማርቆስ ነው። ዓመት በዓል ሲመጣ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ሲያዩኝ ደስ ይላቸዋል፤ ይመርቁኛል። እህል ሲቀርብ ግን የጎረቤት ልጅ ጠርተው ያስቀርቡልኛል እንጂ በእጃቸው አይሰጡኝም። እኔ እንዳልሳቀቅ ብለው ነው።

ብዙ ጊዜ "እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ምን ያስጨንቅዎታል?" ይሉኛል። እውነት ነው፣ ይቅር ብለውኛል። ይቅር ያሉኝ ግን ስለተጸየፍኳቸው ነው፤ ያንን ደግሞ እኔ አላደረግሁትም። ያደረግሁት ሌላ ነው። "እግሬ ይሸታል" ማለት አፍሬ የእኔን ነውር በእሳቸው እጅ ላይ ደፋሁት። ይህን አያምኑኝም፤ ስላላመኑኝም ይህን ይቅር አላሉኝም።