በታናሽ ወንድም ስም

ኪዳነ ማርያም ወልደ ሩፋኤል በወረቀት ከታየ በሕይወቱ አንድ ጎል እንኳ አግብቶ አያውቅም። ስምንት ዓመት በአጥቂነት ተጫውቶ ያገባቸው ጎሎች በሙሉ የተጻፉት በታናሽ ወንድሙ በእንዳላማው ስም ነው። እንዳላማው ደግሞ ከይጁቤ በታች ባለችው መንደራቸው እርፍ ይዞ ያደገ፣ ኳስ ወደ እሱ ሲመጣ ዞር ብሎ የሚያሳልፍ ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1986 ዓ.ም. ነው። ኪዳነ ማርያም ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ደብረ ማርቆስ አንድ እንጨት ቤት ተቀጥሮ ቀን ቀን ሳንቃ ይልጋል፤ ከሥራ ሲወጣ ኳስ ይጫወታል። አንድ ቀን የአዲስ አበባ የፋብሪካ ቡድን ታዳጊዎች ሊመለምል መጥቷል ተባለና የከተማው ወጣት ሁሉ ሜዳ ወጣ። ኪዳነ ማርያምም ወጣ። ሦስት ጎል አገባ፤ አንዱን በጭንቅላቱ።

መልማዩ ጠራውና ዕድሜውን ጠየቀው። እሱ አፉን ሳይከፍት በግራ ክንፍ አብሮት የሚጫወተው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሱሩር ከኋላ፣

«አሥራ ስምንት!» አለ።

«እስከ ቅዳሜ የስምንተኛ ክፍል ካርድህንና የቀበሌ መታወቂያህን ይዘህ ና» አለ መልማዩ። «ከአሥራ ዘጠኝ ያለፈ አልወስድም።»

ሰውየው ዘወር ሲል ኪዳነ ማርያም ሱሩርን በክርኑ ጎሸመው። «ምን አድርግ ብለህ ነው በኔ ላይ የምትዋሸው?»

«እኔ መቼ ዋሸሁ? እቤታችሁ አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው ሰው የለም?»

በማግስቱ ኪዳነ ማርያም ወደ መንደሩ ወረደ። የእንዳላማው የስምንተኛ ክፍል ካርድ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሙጫው ለቆ ፎቶው ከወደቀ ቆይቷል። ማርኩ ለዘጠነኛ ክፍል ስላላበቃው እንዳላማው ካርዱን ከዚያ ወዲህ አይቶት አያውቅም።

«ውሰደው አያ» አለ። ታላቅ ወንድሙን የሚጠራው እንዲህ ነው። «እኔ በሬ ስጠምድ ካርድ አልጠየቅም።»

እናታቸው ወይዘሮ ሥራነሽ እዚያው ጥጥ ይባዝቱ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። ጥጡን አኑረው፣ «ይኼ ነገር እስከ መቼ ነው?» አሉ።

«አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከገባሁ በኋላ አስተካክለዋለሁ።»

«እንግዲያው እንደ ውሰት ልብስ ያዘው። የሰው ጋቢ ለብሰው አመድ ላይ አይቀመጡም። ሳታቆሽሽ ትመልስለታለህ።»

ኪዳነ ማርያም ካርዱ ላይ የራሱን ፎቶ ለጥፎ በዚያው የቀበሌ መታወቂያ አወጣ፤ ቅዳሜ ዕለት እንዳላማው ሆኖ አዲስ አበባ ገባ።

አንዱ ዓመት ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሆነ። ጎል የሚያገባ አጥቂን ማንም ስለ ስሙ አይጠይቀውም። የቡድን ጓደኞቹ ግን አንድ ነገር ይገርማቸው ነበር። ይህ የጎጃም ልጅ ቢመቱት አይመታም፣ ቢሰድቡት አይመልስም። ከዳኛ ጋር ሲነጋገር አይተውት አያውቁም። መስመር ዳኛ በሌለ ኦፍሳይድ ጎሉን ሲሽርበት ኳሷን አንሥቶ በእጁ ያቀብላል። ከጨዋታ በኋላ ሌሎቹ መጠጥ ቤት ሲሄዱ እሱ ካምፕ ውስጥ ታኬታውን ያጥባል። «መነኩሴው» አሉት። ጋዜጣም «በጨዋነቱ አርአያ የሚሆነው እንዳላማው ወልደ ሩፋኤል» ብሎ ጻፈለት። እሱ ጋዜጣውን አጥፎ ለወንድሙ ላከለት፤ ምስጋናው የባለቤቱ ነው።

ጨዋ ሆኖ አልተፈጠረም። እንጨት ቤት ሳለ በአንድ ሚስማር ምክንያት ከሦስት ሰው ጋር የተደባደበ ነው። ነገር ግን ዳኛ ቀርቶ ዘበኛ ላይ እንኳ ሊቆጣ ሲል የእናቱ ጋቢና አመድ ትዝ ይሉታል።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተ። በ1991 ዓ.ም. ፊሽካ ከተነፋ በኋላ በንዴት ኳሷን ጠልዞ ቢጫ ካርድ ተሰጠው። በነጋታው ደብረ ማርቆስ ወደ ሱሩር ሱቅ ደወለ። ሱሩር የአባቱን ሱቅ ወርሶ ኳስ ትቷል።

«ለእንዳላማው ንገርልኝ። አንድ ቢጫ ካርድ አስመዝግቤበታለሁ።»

«ያ አላህ! ይህን ለማለት ነው የደወልከው?»

«ንገርልኝ ብቻ።»

መልሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሱሩር በኩል መጣ። «እንዳላማው፣ ‹በሬም አንዳንድ ቀን ይራገጣል፣ አይዞህ› ብሎሃል።»

እንዳላማውም ስሙ ሲወሰድበት ባዶውን አልቀረም። ደብረ ኤልያስ አካባቢ ሚስት አግብቶ እዚያው ከተመ። ለአዲሱ ቀበሌ መታወቂያ ሲያስፈልገው አንድ ስም ሁለት ቦታ ቢገኝ ነገር ይመጣል ብሎ የታላቅ ወንድሙን ስም ሰጠ። በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲደለደል ዕድሜ ይጠየቅ ነበር። በእውነተኛው ዕድሜው ሃያ አንድ ነበርና ዕጣው አይደርሰውም፤ በወረቀት ግን ኪዳነ ማርያም ስለሆነ ሃያ አምስት ሞልቶታል። አንዱ አራት ዓመት አንሶ ኳስ አገኘ፤ ሌላው አራት ዓመት በልጦ መሬት አገኘ። ከዓመታት በኋላ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ሲሰጥም «ኪዳነ ማርያም ወልደ ሩፋኤል» ተብሎ ተጻፈ። ከዚህ በኋላ ስሙን መመለስ ቀላል ነገር አልሆነም። አንደኛው ወረቀት ከተነካ ሌላኛው ይናዳል።

የኪዳነ ማርያም ጉልበት በ1994 ዓ.ም. አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣ «ለሃያ ስድስት ዓመት ሰው ይኼ ጉልበት በጣም አርጅቷል» አለ። ጉልበቱ ሠላሳ ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አሠልጣኝነት ተማረ። የታዳጊዎች ቡድን ያዘ፣ ምክትል ሆነ፣ አንድ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ወደ አንደኛ አሳደገ። ከአሠልጣኞች ኮርስ በአንዱ ያወቀው ሰው በ2001 ዓ.ም. ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለች ትንሽ ጎረቤት አገር ጠራው፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ያለውን ብሔራዊ ቡድን እንዲይዝ። እናቱ አራት ዓመት ቀድመው አርፈዋል። ስሙ ገና አልተመለሰም። ፓስፖርቱ ላይ፣ የአሠልጣኝነት ፈቃዱ ላይ፣ የሥራ ውሉ ላይ እንዳላማው ነው። ስሙ ባሕር አየ፤ ባለቤቱ ግን ከደብረ ማርቆስ አልፎ አያውቅም።

ሁለት ዓመት በደህና ሠራ። በሦስተኛው ከማጣሪያው በፊት የተጫዋቾቹ ሁሉ የእጅ አንጓ በማሽን ይታይ የሚል ደብዳቤ መጣ። አጥንቱ ገጥሞ ካለቀ ልጁ ከአሥራ ሰባት አልፏል ማለት ነው። ልጆቹ ማሽኑን ፈሩ። ኪዳነ ማርያም እንዲደፍሩ ብሎ ቀድሞ ገባና ወጣ።

«ዶክተር፣ ኮች ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ተንጫጩ።

«ይኼ ማሽን ትልቅ ሰው አይቆጥርም» አለ ዶክተሩ። «ከሃያ በኋላ የሰውየው ቃል ነው የሚታመነው።»

ከሃያ ሁለቱ ሰባቱ ወደቁ። ከሰባቱ አንዱ አምበሉና አጥቂው ፈሐድ ነበር፤ እሱ ከሌለ ቡድኑ ጎል የሚያገባለት የለውም። ኪዳነ ማርያም ከመልበሻ ክፍሉ ውጭ ብቻውን ጠራው።

«ወረቀቱ የማን ነው?»

«የወንድሜ።»

«ወንድምህ የት ነው?»

«ወደብ ላይ ይሠራል።»

«በማን ስም?»

ፈሐድ ቀና ብሎ አየው። ስለ ወረቀቱ ብዙ ሰው ጠይቆታል፤ ይህን የጠየቀው ግን አልነበረም። «በእኔ» አለ።

«ሂድና ሳይመሽብህ መልስለት» አለው ኪዳነ ማርያም። ካለ በኋላ አፈረ። የሚናገረው ሰው እሱ መሆን አልነበረበትም።

ከሰዓት በኋላ የቡድኑ መሪ መጣ። ወፍራም፣ ቁልፎቹን የሚያሽከረክር፣ አማርኛ ጥሩ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው።

«ኮች፣ ማሽን ይሳሳታል። ሌላ ሐኪም ጋ እንወስዳቸዋለን። ዝርዝሩ ላይ አንተ ብቻ ፈርም።»

«አልፈርምም።»

«ውልህ እኮ የሚያልቀው በዚህ ወር ነው። ከፈረምክ ሦስት ዓመት እናድሳለን።»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ?»

«ስሙ የኔ አይደለም» አለ ኪዳነ ማርያም።

«የማን ነው ታዲያ?» ሰውየው ሳቀ።

ኪዳነ ማርያም አልሳቀም። ሰባቱን ሰርዞ የቀሩትን ብቻ ፈረመ። ቡድኑ አራት ለባዶ ተሸነፈ። ውሉ አልታደሰም።

በ2004 ዓ.ም. ከጥቅምት ወር በአንዱ ቀን ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ደብረ ኤልያስ ወረደ። እንዳላማው መንገድ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። የኪዳነ ማርያም ግን ጎንና ጎኑ ሸብቷል።

«ለመሆኑ ስሜ ደህና ነው?» አለ እንዳላማው፣ የተዋሰውን በሬ ሊመልስ የመጣ ሰው እንደሚጠየቀው።

«አንድ ቢጫ ካርድ። እሱንም ታውቀዋለህ።»

«ሥራስ?»

«አባረሩኝ። አልፈርምም ብዬ።»

«በኔ ስም ስለሆነ ነው አልፈርምም ያልከው?»

«እኔ እንጃ። በራሴ ቢሆን እፈርም ይሆናል።» ቀጥሎም ከአገር አገር ሲያዞረው የኖረውን ቃል ተናገረ። «ስሙን ልመልስልህ ነው የመጣሁት።»

«አሁን?» አለ እንዳላማው። «መልሰህልኝ እኔ ምን ልሁን? ደብተሩ ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ልጆቼ የሚጠሩት ባንተ ስም ነው። ተው አያ፣ እማዬ ያለችው አታቆሽሸው ነው፤ አላቆሸሽከውም። ይልቅ ና መሬትህን ላሳይህ።»

ኪዳነ ማርያም በስሙ ያለውን መሬት አይቶት አያውቅም ነበር። ጤፉ ወዝ ጠግቦ ወደ አንድ በኩል ጋደም ብሏል። እርከኑ ተስተካክሏል፣ ውኃ መውረጃው ተጠርጓል። በጎረቤቶቹ መሬት ላይ የሌለ ሥራ እዚህ አለ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ አንድ የድንበር ድንጋይ ከባሕር ዛፉ ወዲህ ቆሞ አየና ቆም አለ፤ እድሜ ልኩን መስመር ሲመለከት የኖረ ዓይን ነው።

«ይኼ ድንጋይ ቦታው እዚህ ነው?»

«ባሕር ዛፉ ሥር ነበር። ጎረቤቴ አቶ ማሬ በሁለት ዓመት ሁለት ትልም ገፉት።»

«ለምን አልከሰስካቸውም?»

«ማን ብዬ ልክሰስ?» አለ እንዳላማው። «‹ከሳሽ ኪዳነ ማርያም› እየተባለ ስምህ በየችሎቱ ሲጠራ ልስማ? የሰው ስም ነው ብዬ ተውኩት።»

ኪዳነ ማርያም ድንጋዩን አየ። ከባሕር ዛፉ እስከ ድንጋዩ በእርምጃ ለካ። እየለካ ሳለ አቶ ማሬ ማዶ ከማሳቸው ብቅ አሉ፤ ስልሳ ያለፉ፣ ኮፍያቸው ግንባራቸው ላይ የወረደ ሰው ናቸው።

«ድንበር ገፍተዋል!» አለ ኪዳነ ማርያም። የራሱ ድምፅ አስደነገጠው።

«ማን ነው የገፋ? በሬ ነው የገፋ።»

«በሬዎ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚገፋው? አንድ ቀን እንኳ ወደ እርስዎ አይሳሳትም?»

«አያ፣ ተው» አለ እንዳላማው እጅጌውን ይዞ።

«አልተውም! ድንጋዩን በሬ አይሸከምም! ሰው ነው ተሸክሞ ያመጣው!» በስምንት ዓመት ለአንድ ዳኛ ያልተናገረውን፣ በአሥር ዓመት ለአንድ ባለሥልጣን ያላሰማውን ድምፅ ጤፉ መካከል አወጣው። እጁን አወናጨፈ። መሬቱን በእግሩ መታ።

አቶ ማሬ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «አንተ ደግሞ ማን ነህና ነው የምትጮህብኝ?»

እውነተኛ ስሙ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ስሙን ከተናገረ ደብተሩ፣ ጤፉ፣ የወንድሙ ልጆች መጠሪያ ሁሉ የማን መሆኑ አብሮ ይወጣል። ወንድሙ መሬት መሬት ያያል።

«ታላቁ ነኝ» አለ።

ይህን ቃል ከተናገረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። በሞላው ቅጽ ሁሉ ታናሽ ነበር።

አቶ ማሬ የሸበተ ጸጉሩን አዩ፤ ከዚያም ወደ እንዳላማው ዞሩ። «ታላቅ እንዳለህ መች ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«እኔማ ብቻውን ያለ ሰው መስሎኝ…» አሉና ሽማግሌው ሳይጨርሱት ተዉት። «በል፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በሽማግሌ እናየዋለን። ታላቁም ይምጣ።»

ወንድማማቾቹ በእርከኑ ላይ ፊትና ኋላ ሆነው ወደ ቤት ተመለሱ። ኪዳነ ማርያም ጉልበቱ እያመመው በዝግታ ይሄዳል። እንዳላማው ሳቁን ይዞ ይዞ በመጨረሻ አመለጠው።

«ጮህክባቸው እኮ አያ።»

«ቢጫ ያሰጣል?»

«ቀይ ነው እንጂ! ደግሞ ለሱሩር ደውለህ እንዳትነግረኝ። የኔ ስም ላይ አይጻፍም።»

«አይጻፍም» አለ ኪዳነ ማርያም። «ይኼ የራሴ ነው።»