ማርስ የደበዘዘችበት ሰመር

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ አገጬን በመመርመሪያው መሣሪያ ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር፣ የተወለወለበት አልኮል ሽታ ይመጣና አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ይጥለኛል።

አባቴ ያኔ ታክሲ መንዳት አቁሞ ነበር። ግላኮማ ዓይኑን ከዳር ከዳሩ እየበላበት ነበር። ሐኪሙ "በዘር ስለሚተላለፍ ልጅዎም ትታይ" ብሎታል፤ እኛ ግን ዛሬ ነገ ስንል ቆየን።

በደህናው ጊዜ ከያርድ ሴል፣ ሰዎች ግቢያቸው ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡበት፣ የገዛት ቴሌስኮፕ ለእኔ ቀረች። ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከአፓርትመንታችን ጀርባ፣ ጎህ ሳይቀድ ጤዛ ያራሰው ሣር ላይ ቆመን ማርስን እናይ ነበር። እናይ ስል፣ እኔ አያለሁ፣ እሱ ይሰማል። ማርስ ላይም ወቅት ይፈራረቃል። ደቡብ ጫፏ ላይ ነጭ በረዶ፣ መሀሏ ላይ የተጋደመ ጥቁር ጥላ ነበራት።

"በረዶውስ ሳሳ?" ይለኛል፣ ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ እየጣለ።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ጥላው ደበዘዘ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ሌንሱን ወለወልኩ፤ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው ሞከርኩ። ያው ባዶ ብርቱካናማ ኳስ ነው። የአባቴ በሽታ መጣብኝ አልኩ በልቤ።

እናቴ ከምትሠራበት የግሮቭፖርት መጋዘን የሌሊት ሺፍቷን ጨርሳ፣ ካርቶን ካርቶን እየሸተተች ስትመጣ፣ ሣሩ ላይ ብቻዬን ስነፋረቅ አገኘችኝ።

"ምን ሆንሽ?"

"ነቲንግ። አይ አም ፋይን።"

"በአማርኛ ንገሪኝ።"

"እማዬ፣ ዓይኔ እየጠፋ ነው።"

እንቅልፏን ትታ ሐኪም ቤት ወሰደችን። አባቴ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጣቶቹን ያፍተለትላል። ሐኪሟ ብዙ ካየችኝ በኋላ መብራቱን አበራች፤ ዓይኔ ምንም አልሆነም።

"ታዲያ ማርስ ምን ሆነች?" አልኳት።

ሳቀች። "ዜና አልሰማሽም? ፕላኔቷን በሙሉ አቧራ ሸፍኗታል። ትልቅ አውሎ ነፋስ ነው አሉ።"

"አቧራ?" አለ አባቴ። "አቧራ ነው?" እናቴ "ተመስገን!" ስትል እሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መኪና ውስጥ እንደገባን፣ "እኔ ያወረስኩሽ መስሎኝ..." ብሎ ሳይጨርሰው እጄን ያዘኝ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የማርስም አቧራ ረጋ። አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ጥላዋን ተመልሶ አገኘሁት፤ በረዶዋ ግን በበጋዋ ሟሙቶ ጠብታ አክሎ ነበር። አባቴ ሳልጠራው መጥቶ ጎንበስ አለና በተረፈው የዓይኑ ብርሃን ፈለጋት። ብዙ ቆየ።

"አገኘኋት" አለ። "ቀይ ናት።"

"ጥላውስ?"

"እሱን አንቺ ንገሪኝ" አለና ቦታውን ለቀቀልኝ።