ጣሪያው በአራት ጣት

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው ለራሳቸው የገዙት አንዲት አሮጌ ቮልስ ብቻ ነበር። ጡረታ ወጥተው ጉልበታቸው ሲከዳቸው ቮልሷም አብራቸው ቆመች። ሐዋሳ ባለው ግቢያችን፣ አቮካዶው ሥር፣ ዶሮ እየገባ እንቁላል ሲጥልባት ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን፣ "እስቲ አስነሳትና በገዛ መኪናዬ ሐይቅ ዳር ውሰደኝ፤ ሐይቁን ካየሁ ቆየሁ" አሉኝ። ሌላ ነገር ለምነውኝ አያውቁም።

ማስነሳት ብቻ ቢሆን በሳምንት ያልቅ ነበር። እኔ ግን ነገር ማካበድ እወዳለሁ። ስልኬ ላይ ስመለከት የምውለው ጣሪያቸው ዝቅ፣ የኋላ ጎማቸው ሰፋ ያለ፣ ሞተራቸው ሰፈር የሚቀሰቅስ አሮጌ መኪኖች ናቸው። ቮልሷን እንደነሱ አድርጌ፣ አባቴን በከተማችን ፒያሳ አሳልፌ ሐይቅ ዳር ላደርሳቸው ወሰንኩ። እንዲህ አድርግልኝ ያለኝ ሰው የለም።

መጀመሪያ ሰፋፊ ጎማ ገጠምኩ። ጎማው ከላይ የሚሸፍነውን ፓራፋንጎ እየታከከ አልሽከረከር ስላለ ፓራፋንጎውን ቆረጥኩት። ከዚያ በክረምት ቀለም ቀባሁ፤ እርጥበት ከሥሩ ገብቶ ኩፍ ኩፍ አለ። ፍቄ እንደገና ቀባሁ። ቀጥሎ፣ ፍሬኑን ሳልሠራ ትልቅ ሞተር ጫንኩባት። አስነስቼ ነዳጅ ትንሽ ብረግጥ የቆርቆሮ በራችንን ይዛው ውጭ ወጣች። አባቴ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ፣ ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም የተማርኩትን ሁሉ ግድግዳው ላይ በከሰል እጽፍ ነበር። መጀመሪያ ፍሬን። በክረምት ቀለም የለም። ጽሑፉ ዛሬም አለ።

ጣሪያውን ዝቅ ለማድረግ የቆረጥነው ከጎረቤቴ ጋር ነው፤ በያጅ ነው። ብረቱን ከመንካቱ በፊት፣ "ቁመቱ በማን ይለካ?" አለኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከጭንቅላቴ በላይ አራት ጣት ለካና ምልክት አደረገ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ቁረጥ እንጂ አልኩት። እኔ በእናቴ የወጣሁ አጭር ሰው ነኝ። አባቴ ረጅም ናቸው፤ ወገባቸው መታጠፍ ካቆመ ቆይቷል፤ ባርኔጣቸውንም ከራሳቸው አያወርዱም። እዚያው አጠገባችን ተቀምጠው ያዩናል። እንዴት ነው አባባ ስላቸው፣ ታምራለች አሉኝ።

እውነትም ታምር ነበር። ያለቀች ጊዜ አንድ እሑድ ከቸርች መልስ አባቴ ሱፋቸውን እንደለበሱ መጡ። በሩን ከፈትኩላቸው። ባርኔጣቸው ጣሪያውን ነካ፤ አወለቁት። አንድ እግራቸውን አስገብተው ጎንበስ ሊሉ ሞከሩ፤ ወገባቸው እምቢ አለ። በጀርባ ሞከሩ። እኔ በክንዳቸው ይዤ ስገፋ፣ እሳቸው የበሩን ጠርዝ ይዘው ሲያቃስቱ ትንሽ ቆየን። ከዚያ ቀና ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉና፣ "ዛሬ ደክሞኛል፤ ሌላ ቀን" አሉ። ባጃጅ ልጥራ ብላቸው፣ መኪና እያለኝ በባጃጅ ብለው ቀለዱብኝ። እኔ ተናድጄ ነበር። በማን እንደተናደድኩ እግዜር ይወቀው፤ ስለሚያሳፍረኝ አልመረምረውም። መኪናዋን በሸራ ሸፈንኳት።

ጣሪያውን እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። የዛሬ ሳምንት፣ የዛሬ ሳምንት ስል አባቴ አንድ ጠዋት ሳይነቁ ቀሩ።

ለለቅሶው ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ስለጠፋ ወንዶቹ ቮልሷን ገፍተው ከግቢ አወጧት። ከመካከላቸው አንዱ እንዴት ያለች ቆንጆ መኪና ናት ሲል ሰማሁ። አላለቀስኩም። ሰው ሲመጣ እነሳለሁ፣ ሲሄድ እቀመጣለሁ፤ የሰጡኝን እበላለሁ። ውስጤ ባዶ ነበር፤ ሐዘን እንኳ አልነበረበትም።

ድንኳኑ በፈረሰ ዕለት በያጁ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እንዲህም አለኝ።

"ጣሪያው በተቆረጠ ዕለት ጠዋት አባትህ ቤቴ መጥተው ነበር። 'እኔ የምገባባት አይመስለኝም፤ ግን እንዳትነግረው፣ ልጁ ደስ ብሎታል' አሉኝ። በማን ይለካ ያልኩህ ለዚህ ነው።"

እሳቸው እኔን ላለማስከፋት፣ እሱ የእሳቸውን አደራ ላለማፍረስ። ሁለቱም ይሉኝታ ይዟቸው ዝም አሉ። እኔን ግን ምንም አልያዘኝም፤ ዞር ብዬ አባቴን አንድ ጊዜ ማየት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ለበያጁ እሺ አልኩት።

ከወር በኋላ ጣሪያውን እንመልሰው ብዬ ጠራሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው፤ አውቀዋለሁ። የአባቴን ባርኔጣ ከቤት አምጥቼ እንጨት ላይ ሰካሁና እሳቸው ቢቀመጡ በሚሆኑት ቁመት ልክ የመኪናዋ ወንበር ላይ አቆምኩት። በያጁ ሜትሩን አወጣ። ቁመቱ በማን ይለካ ብሎ አልጠየቀኝም።