ከቱፋ ሱቅ የማይወጣው ቀርከሃ

ቱፋ አምቦ መናኸሪያው አጠገብ ከቀርከሃ ወንበርና አልጋ ይሠራል። ሱቁ ከእኔ የእንጨት ሥራ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። በ2011 ዓ.ም. ቦንሳ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ከቻይና ያመጣውን አሮጌ የመጻፊያ ብሩሽ ማስቀመጫ ለጥገና ይዞለት መጣ። ከአንድ የቀርከሃ አንጓ የተቆረጠ ነው፤ የጥንት የቻይና ጸሐፊዎች ጠረጴዛቸው ላይ ያኖሩት ነበር። ዙሪያውን ጥድ፣ ድልድይና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀርጸውበታል፤ የአንዱ ጢም ከክር ይቀጥናል። አፉ ላይ ተሰንጥቋል። ቱፋ ስንጥቁን በማጣበቂያ ሞልቶ፣ በሲባጎ አስሮ አደረቀው። ቦንሳ ግን ሳይወስደው ለትምህርት ውጭ አገር የሚሄድበት ቀን ደረሰ።

«ኦቦ ቱፋ፣ እስክመለስ ይቀመጥልኝ፣ አደራ።»

«ራስህ መጥተህ እስክትወስደው ከዚህ ቤት አይወጣም» አለ ቱፋ። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እሺ» ቢል ይበቃ ነበር።

ቦንሳ አልተመለሰም፤ ስልኩም አይሠራም። ቱፋ ከዚያ ወዲህ ገጠር ለቅሶ ቢሄድ እንኳ ሳያድር ይመለሳል።

ዘንድሮ ካቺሲ ያሉት አማቱ አልጋ ላይ ዋሉ። ማሳቸውም አራሽ አጣ። ሚስቱ ሲንቄ ጠቅልለን እንግባ አለች።

«ይዘነው እንሂዳ፣ አባ ሞቲ» አለችው በበኩር ልጃቸው ስም።

«ሰውዬው መጥቶ ሱቁ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? ይዞት ጠፋ ልባል ነው።»

«ለጎረቤት ስጠው።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የእኔ ቤት ፍቅፋቂ የሞላበት ነው፤ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። «የሰው አደራ መቀበል አልችልም» አልኳቸው።

ሲንቄ ሳቀች። «ሁለት ልጅ ወልጄ ያልያዝኩህን ሰውዬ፣ ሁለት የቻይና ሽማግሌ ያዙህ።»

ቱፋ በመጨረሻ ይዞት ለመሄድ እሺ አለ። ዕቃው አይሱዙ ላይ በተጫነበት ዕለት የቱፋም መጋዝ ተጭኖ ነበር። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ቱፋ ማስቀመጫውን በጋቢ ጠቅልሎ እስከ በሩ መጣ። አንድ እግሩን አወጣ፣ መልሶ አስገባ።

«መጋዜን አውርዱልኝ» አለ።

ሲንቄ ከጋቢናው አልወረደችም። «እናቴን ምን ልበላት?»

«ሥራ ይዞት ነው በያት።»

«አልዋሽም። እውነቱን እነግራታለሁ፤ ባታምነኝም።»

መኪናው ሄደ። ቱፋ ማስቀመጫውን መደርደሪያው ላይ መለሰ። ጠዋት ያስረከበውን ቁልፍ ከአከራዩ ሊለምን መሄድ ነበረበት። እስኪመለስ ድረስ በሩ ላይ እኔን አቆመኝ።