የሞጣ ጫኞች የበሉት ማኛ

ቢቸና ላይ ነጩን ማኛ ጤፍ የሚያመርት ሰው ማኛውን ሸጦ፣ ቀይ የተቀላቀለበትን ሰርገኛ ይበላል። እኔም መሬቴን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ እንዲሁ እኖራለሁ። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች መኪና በደጀን በኩል መመላለስ ካበዛ ወዲህ የጤፍ ዋጋ ወጣና ቤቴን ቀለም አስቀባሁ። ሞጣ ምግብ ቤት ያላት ታናሽ እህቴ ግን መሬት የላትም፤ ጤፍ ገዥ ናት። እኔን ያስደሰተኝ ዋጋ የእሷን ቤት ሊያዘጋ ደረሰ። ደንበኞቿ ጫኝና አውራጆች ስለሆኑ የምግቡን ዋጋ ብትጨምር አይመጡላትም።

እስከ አዝመራ እንዲያደርሳት ሰርገኛ ላክሁላት። በዚያው ጠዋት አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ማኛዬን ጫነ። በግርግሩ ጆንያዎቹ ተለዋውጠው ኖሯል።

ከቀናት በኋላ ልጠይቃት ሞጣ ስደርስ ቤቷ በእልልታ ይናጣል። ጫኞቹ ሽሮው በነጭ እንጀራ ሲቀርብላቸው ድግስ ነው ብለዋል።

«እማማ፣ ማንን ዳሩ? ለእኛ እንኳ ሳይነግሩን!» ይሏታል።

«እኔው ነኝ የማገባው» አለች እህቴ፤ «የጠፋው ሙሽራው ነው!»

አንዱ እየሮጠ ወጥቶ ለሙሽራዪቱ ጃንጥላ ገዝቶ መጣ። ሌላው ጎረሰና «ይሄን ጤፍ በጀርባዬ ነበር የማውቀው፤ ዛሬ ገና ከአፌ ጋር ተዋወቀ» አለ። ሳቅ የማላበዛዋ ሴትዮ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተንፈቀፈቅሁ።

ስልኬ ጮኸ። ነጋዴው ነበር።

«እማማ፣ ማኛ ብለው ሰርገኛ ጫኑልኝ?»

«በሰርገኛ ዋጋ ሂሳቡን አስተካክል» ብዬ ዘጋሁት።

እህቴ ሰምታ ደነገጠች። «እታለም፣ ያልተከፈተው ይመለስለት እንጂ!»

«ያንቺ ነው። ግን አትብዪው፤ ሽጪና ሰርገኛ ግዢበት፤ ይበረክትልሻል።»

በማግስቱ የሞጣ ነጋዴ ማኛውን ገዝቶ አዲስ አበባ ሊልከው መኪና አቆመ። የሚጭኑት እነዚያው ጫኞች ነበሩ። ጆንያውን በትከሻቸው ይዘው፣ ሙሽራ እንደሚሸኝ ሰው እየዘፈኑና እየጨፈሩ ወደ መኪናው ወሰዱት። አንዱ «በደህና ግቢ! ለባላገር ዘመዶችሽ ሰላምታ አትንፈጊ!» ብሎ ጆንያውን ሳመው። እህቴ በሳቅ ከደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ላነሳት ብሄድ እኔም አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

ሰርገኛው በዚያው ቀን ተገዛ። ምግብ ቤቷም እስከ አዝመራ አልተዘጋም።