አራተኛው ረድፍ

አባቴ በያጅ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ቆጣሪው» ይለዋል። አንድ መጋጠሚያ በይዶ በጨረሰ ቁጥር፣ ከኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ከመበየጃው ዘንግ፣ የተረፉትን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ በአንድ ረድፍ ይደረድራል። አምስት መጋጠሚያ ከሆነ አምስት ረድፍ ነው። ረድፎቹን በጣቱ እየነካ ሳይቆጥር ብሩሽ አያስነካኝም፤ ቀለም ቀቢው እኔ ነኝና። ሠላሳ ዓመት አልፎኝም እንኳ «ቆይ፣ እጅሽን ሰብስቢ» ይለኛል። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቶቻችን «ምን ችግር አለ፣ ቆጣሪው እንደሆነ እዚሁ ነው» እያሉ ይስቁበታል። እውነቱን ለመናገር እኔንም ይሰለቸኝ ነበር። ዛሬ ያ መሰልቸቴ ያሳፍረኛል።

ያን ሰሞን የያዘው ሥራ ለከባድ ማሽን ማመላለሻ ተጎታች ሁለት መወጣጫ መሥራት ነበር። መወጣጫዎቹ አንድ ጫፋቸው መሬት ላይ ያርፋል፤ ሌላው ጫፋቸው ተጎታቹ ጠርዝ ላይ በመንጠቆ ይያዛል። ለእያንዳንዱ ሁለት፣ በድምሩ አራት መንጠቆ ማለት ነው። በላያቸው ኤክስካቫተር፣ ያን ከባድ የመቆፈሪያ ማሽን፣ እየነዳ የሚወጣውና የሚወርደው ደግሞ ባሌ ነው።

«ይኼን የምሠራው ለልጄ ነው» ይል ነበር አባቴ። አማቹን ልጄ ነው የሚለው።

ለመጨረሻ ቀን የቀሩት መንጠቆዎቹ ብቻ ነበሩ፤ አራቱንም መጀመሪያ እንዳይወድቁ ያህል ነካ ነካ አድርጎ አያያዛቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ዙሪያቸውን ይበይድ ጀመር። ሦስተኛውን እንደጨረሰ መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ቀኑ መሽቶበት ነበር፤ የተጎታቹ ባለቤትም በስልክ «ነገ በጠዋት ካልደረሰ ጉድ ፈላ» እያለ ይጮህበታል።

«አባባ፣ ልቀባ?» አልኩት፣ አራቱም ያለቁ መስሎኝ።

ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በእጁ ቀጥዪ አለኝ። አልቆጠረም። እኔም «እንዴት ሳትቆጥር?» አላልኩም፤ ዛሬስ ተገላገልኩ ብዬ ጥቁሩን ቀለም አለበስኳቸው። አራቱም አንድ ዓይነት ሆኑ።

በማግስቱ ጠዋት ባሌ ኤክስካቫተሩን በመወጣጫው ላይ ሲያወጣ፣ ግማሽ ላይ እንደደረሰ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ማሽኑን ተጎታቹ ላይ አውጥቶ እንደጨረሰ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አባባ፣ ሰምተዋል?»

«አዲስ ብረት ነው፣ ይለምዳል!» አለ የተጎታቹ ባለቤት፣ ሰዓቱን እያየ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ መንጠቆዎቹን አየ። ቀለሙ ያብረቀርቃል። «ምንም የለውም» አለ፤ ግን ቶሎ ቀና አላለም። ባሌ እጁን አውለበለበልኝ፤ መኪናው ተጎታቹን እየጎተተ ሄደ።

መጥረጊያ አንስቼ የመበየጃ ቤቱን መጥረግ ያዝኩ። ጠረጴዛው ላይ የተጣለውን ጨርቅ ሳነሳ ረድፎቹ ከሥሩ አሉ። አየኋቸውና ክው አልኩ።

«አባባ... ና እስቲ።»

መጣ። በጣቱ ነካ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጣቱ ባዶው እንጨት ላይ ቀረ።

«ደውዪለት» አለ።

ደጋግሜ ደወልኩ፤ መንገዱ ላይ ኔትዎርክ የለም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «አሁንስ? አሁንስ?» ይለኛል። ከስንት ሙከራ በኋላ ጠራ። ባሌ ማሽን ላይ ሲወጣ ስልኩን ለመኪናው ሾፌር ነው የሚሰጠው፤ ያነሳውም ሾፌሩ ነበር።

«እህቴ፣ አሁን ሥራ ላይ ነው፤ ማሽኑን እያወረደ ነው።»

«አስቁመው! በፈጠረህ አስቁመው! አንዱ መንጠቆ አልተበየደም!»

ሾፌሩ ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ ብረት ከብረት ሲላተም ሰማሁ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበርና እሱም ሰማ።

ባሌ ተረፈ። ከተገለበጠው ማሽን ሊዘል ሲል ተይዞ ግራ እግሩን አጣ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው ግን የሚለቀም አይደለም። አባቴ አጠፋሁ ብሎ ለሰው ሁሉ ተናገረ፤ እኔ ግን ብሩሹ በማን እጅ እንደነበር አውቃለሁ።

አሁን ባሌ ቀን ቀን የመበየጃ ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። አባቴ ዛሬም ቁራጮቹን ይደረድራል፤ መቁጠሩ ግን አቃተው። ሦስት ላይ ሲደርስ ጣቱ ይቆማል። ባሌ ከወንበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያይና «አራት» ይላል። ያኔ ብሩሼን አነሳለሁ።