ከከበሮው አጠገብ የሚቀመጠው ሰው

በሙዚቃዊ ቲያትሩ አዳራሽ ሁልጊዜ የፊት ረድፍ ላይ፣ ከከበሮ መቺው አጠገብ ይቀመጣል። ጫማው ያብረቀርቃል። የትልቁ ሆቴል በር ከፋች ነው፤ ቢሮ ገብተህ ሥራ ቢሉት እንኳ እንቢ ብሎ በሩ ላይ የቀረ። በእረፍት ቀኑም ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ሳያስበው ብድግ ይልና "እንኳን ደህና መጡ!" ይላል።

"ጋሼ፣ ዛሬ እኮ እንግዳው እርስዎ ነዎት" እያለች ቲኬት ቆራጯ ትቀልድበታለች።

ይስቃል፤ ዓይኑ ግን ከከንፈሯ አይነቀልም። ጆሮው እየከዳው ነው። ይህን የምታውቀው አብራው የምትመጣው እህቱ ብቻ ናት።

"ወንድምዬ፣ ነገ እኮ ሆቴሉ ጆሯችሁን ሊያስመረምር ነው" አለችው ፊት ለፊቱ ዞራ፣ ቃሉን እየጎተተች። "ምን ልትል ነው?"

"እንደ ወትሮዬ እስቃለሁ።"

"ሐኪም በሳቅ ይሸነገላል?"

"ታዲያ ካስወጡኝ ጠዋት ተነስቼ ጺሜን ለማን እላጫለሁ?"

መጋረጃው ተከፈተ። ከበሮው ሲመታ መዳፉን መድረኩ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ፊቱ ፈካ፤ ጣቶቹ ምቱን አልሳቱም። ከዚያ ከበሮው ቆመና ተዋናይቷ ብቻዋን፣ በለሆሳስ ማንጎራጎር ጀመረች። ከኋላ አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። እሱ የተዋናይቷን ከንፈር ሊከተል አንገቱን አሰገገ፤ እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ነበር።

እህቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

"መቼ ነው የምትዘፍነው?"

ሹክ ያላት መስሎት ነበር። አዳራሹ በሙሉ ሰምቶ ወደ እሱ ዞረ።